ስለ ትንሿ የሙከራ ጨዋታ
የኮምፒዩተር ጨዋታን ለእንጀራው ሳይሆን ለኅሊናው ተድላ ሲል በማታና በዕረፍት ቀን የሚሠራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊማረው የሚገባው ጥበብ ሥራን ማሳነስ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ብዙዎች ሰፊ ዓለምና ረጅም ታሪክ በልባቸው ፀንሰው፣ የጨዋታው ነፍስ የሆነው አንዱ ድርጊት፣ መዝለሉ ወይም መገንባቱ፣ በራሱ ደስ ማሰኘት አለማሰኘቱን ሳይመረምሩ ሥዕሉንና ዜማውን ሲያስጌጡ ኃይላቸው ያልቃልና። በአሜሪካ በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2005 አራት ተማሪዎች፣ እያንዳንዱን ጨዋታ አንድ ሰው ብቻውን ከሰባት ቀን ባነሰ ጊዜ እንዲፈጽመው ሥርዓት ደንግገው ከሃምሳ የሚበልጡ ጨዋታዎች ሲሠሩ፣ ከመካከላቸው ካይል ጋብለር የሚጣበቁ ጠብታዎችን እየቀጣጠሉ ግንብ የሚያቆሙባትን «ታወር ኦፍ ጉ»ን አስገኘ፤ ይህችም በ2008 ለወጣው «ወርልድ ኦፍ ጉ» ለተባለው ምሉዕ ጨዋታ መሠረት ሆነች። ፊንላንዳዊው ፔትሪ ፑርሆም በየወሩ አንድ ትንሽ ጨዋታ የማበጀት ልማድ ነበረውና፣ ተጫዋቹ የሣለው ቅርጽ ወዲያው ክብደት አግኝቶ የሚወድቅባት «ክሬዮን ፊዚክስ» ከዚሁ ልማድ ተወልዳ፣ በተስፋፋ መልኳ በ2008 የነጻ ጨዋታዎች ፌስቲቫልን ታላቅ ሽልማት ተቀበለች። እኔን ግን ከሽልማቱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የተጣሉት ሙከራዎች ትሩፋት ነው፤ አንድን ሐሳብ በጥቂት ሌሊት ፈትኖ ባዶነቱን የተረዳ ሰው ከዓመታት ከንቱ ድካም ድኗል። ስለዚህ ሠሪው በሥዕል ፈንታ ክብና አራት ማዕዘን ብቻ አኑሮ፣ ድርጊቱን ሕያው አድርጎ፣ ያለ አንዳች ማብራሪያ ለወዳጁ ያስጫውት፤ ወዳጁም ሳይለመን ደግሞ መጫወት ሲጀምር፣ ያን ጊዜ ወደ ማስጌጡ ይሻገር።