ድራማው ይሠራ፣ ፊታችን ግን ይቅር

ሰላም ዜጎች። ሰላም ዘመዶችም፣ በድብቅ የምታነቡኝን ጨምሮ። (ለማታውቁት፦ እኛ እርስ በርሳችን «ዜጋ» ነው የምንባባለው። መታወቂያ ለሌለው ሰው ደስ የሚል ስም ነው።) ዛሬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ሰሞኑን በየግሩፑ የሚዞረውን ጥሪ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። እዚህ ናይሮቢ በአንድ የኤልጂቢቲ ስደተኞች ማዕከል ውስጥ ያለውን የዕለት ተዕለት ኑሮ የሚያሳይ ተከታታይ ድራማ ለዩቲዩብ ሊሠራ ነው ይላል። እሰይ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ወረድ ስል ግን ተዋናይ እንደማይቀጠር፣ የቤቱ ልጆች በገዛ ስማቸውና በገዛ ፊታቸው እንደሚቀርቡ፣ ለሚቀርበውም ትንሽ የኪስ ገንዘብ እንዳለ ተጽፏል። የተጣላነው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ስለ ድራማው። እኔ እንዲሠራ እፈልጋለሁ። ዘመዶች፣ ስለዚህ ዓይነት ቤት ምን እንደምታስቡ አውቃለሁ፣ ኮሜንት ላይ ጽፋችሁልኛል። ልጆች የሚመለመሉበት፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚጨፈርበት ይመስላችኋል። ኧረ ባካችሁ! እዚያ ቤት ትልቁ ጠብ «ዕቃ የማጠብ ተራው የማነው» የሚለው ነው። ሁለተኛው ጠብ በርበሬ ነው። ኡጋንዳዎቹ ማቶኬ ይፈልጋሉ፣ እኛ ሽሮ እንፈልጋለን፣ ኮንጎዎቹ ሁለታችንንም ይታዘቡናል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ኡጋሊና ሱኩማ ይበላል፣ ርካሹ እሱ ስለሆነ። ጠዋት ፍራሾቹ ተጠቅልለው ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ፣ ሳሎኑ የእንግሊዝኛ ክፍል ይሆናል። ከሰዓት አንዱ የኤችአይቪ መድኃኒቱን ሊያመጣ ይወጣል፣ ሌላው የቀጠሮ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ ማታቱ ይሳፈራል። ሙዚቃ የሚከፈተው ድምፁ ተቀንሶ ነው። ለኬርቴከሩ ማን ነን እንዳልነው እዚህ አልጽፍም። እሑድ እሑድ ቡና ይፈላል። ከአገሩ ከወጣ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚወደው ስም የተጠራ ልጅ አቦሉን እንደያዘ ሲያለቅስ አይቻለሁ። እናቴ ይሄን ብታይ «ምነው እንዲህ ከሱ?» ከማለት ሌላ የምትለው ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ድራማው ያስፈልጋል፣ ለእናንተም ጭምር።

ግን «እውነተኛ ሰው ካልታየ ማን ያምናል?» ይሉናል። እዚሁ ናይሮቢ የተሠራ ፊልም አለላችሁ። ኔስት ኮሌክቲቭ የተባሉ የኬንያ አርቲስቶች ከአገራቸው የኤልጂቢቲ ሰዎች ታሪክ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2014 «ስቶሪስ ኦፍ አወር ላይቭስ»ን ሠሩ። ዳይሬክተሩ ጂም ቹቹ ነው። በጥቁርና ነጭ የተቀረጹ አምስት አጫጭር ታሪኮች ናቸው። ታሪኩ የእውነተኛ ሰዎች ነው፣ ፊቱ ግን የተዋናዮች። ቶሮንቶ ፌስቲቫል ላይ ታየ፣ በዓመቱ በርሊን ላይ ተሸለመ። ተዋናይ ስለተጫወተው ያነሰ ነገር የለም። አገር ቤት ግን የፊልም ቦርዱ አገደው፣ ፕሮዲውሰሩ ጆርጅ ጋቻራም ያለፈቃድ ቀርጸሃል ተብሎ ታሰረ። ልብ በሉ፣ ኬንያዊ ነው፣ በገዛ አገሩ። በ2018 «ራፊኪ» ሲታገድ ፍርድ ቤት የፈቀደለት ለሰባት ቀን ብቻ ነው። በ2021 «አይ አም ሳሙኤል» የተባለው ዶክመንተሪም ታገደ። እኛ ደግሞ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 162 እስከ 14 ዓመት በሚያሳስርበት፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በ2019 ሕጉ ይቀጥል ባለበት አገር፣ በስደተኛ ወረቀት ነው የምንኖረው።

ሁለተኛው ክርክር ከራሳችን ሰው ስለሚመጣ የባሰ ያናድደኛል። «ከታየህ ፕሮሰስህ ይፈጥናል።» ስንቱ ልጅ በዚህች አንዲት አረፍተ ነገር ፊቱን አውጥቷል! ጭራሽ መሠረት የለውም አልልም። ከአገር ከወጣህ በኋላ በተፈጠረ ነገር ለአደጋ ከተጋለጥክ ያ በጥገኝነት ጉዳይህ ሊታይ ይችላል። ጥገኝነት ማግኘትና ሦስተኛ አገር መሄድ ግን ለየቅል ናቸው። ሪሴትልመንት በላይክ አይሰጥም። የሚወስነው ተቀባዩ አገር ነው፣ በሩን ከዘጋ ዘጋ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 አሜሪካ የስደተኛ ቅበላ ፕሮግራሟን ስታቆም ትኬት የተቆረጠላቸው ሰዎች እንኳን በረራቸው ተሰርዟል። ዩቲዩብ ላይ ያለ ቪዲዮ ግን እንደ በረራ አይሰረዝም።

ኡጋንዳዊ ወንድሞቻችንን ጠይቋቸው። በ2010 «ሮሊንግ ስቶን» የሚባል የካምፓላ ጋዜጣ (ከአሜሪካው መጽሔት ጋር አይገናኝም) የሰዎችን ፎቶና ስም «ስቀሏቸው» ከሚል ቃል ጋር አወጣ። ዴቪድ ካቶ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከሰሰ። በጃንዋሪ 2011 መጀመሪያ ላይ አሸነፉ። በዚያው ወር መጨረሻ ቤቱ ውስጥ ተገደለ።

የእኛ አገር ደግሞ ጋዜጣም አላስፈለገውም። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ የሰው ፎቶ በቲክቶክ እየተለጠፈ «ደብድቡ» ሲባል የነበረውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። አንድ ወንድማችን ከዓመታት በፊት ለውጭ ሰዎች ካሜራ ሦስት ደቂቃ ተናገረ። አውሮፓ ብቻ ነው የሚታየው ተብሎ ነበር። አንዱ ቆርጦ አማርኛ ጽሑፍ ለጠፈበት፣ እናቱ ጋ ከመድረሱ በፊት የእድሩ ሰዎች ጋ ደረሰ። እናቱ የቡና ጎረቤት ያጣችው በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። እህቱ ደውላ «አንተስ ወጥተሃል፣ እኛ የት እንውጣ?» አለችው። መልስ አልነበረውም። እኔም የለኝም።

«ግን እኮ ፈቅደው ይፈርማሉ» ትሉኛላችሁ። የሦስት ወር ኪራይ ውዝፍ ያለበት ሰው ፊት ወረቀትና ብር አስቀምጦ ፈቃድ ጠየቅኩ ማለት ያሳፍራል። ደግሞስ የሚፈርመው ለራሱ ብቻ ነው? የአንዱ ፊት ከታወቀ አብሮት የሚያድረው ሁሉ ታወቀ። አልጋ ተጋርቶት የሚተኛው ልጅ የት ላይ ነው የፈረመው? ሦስተኛ አገር ገብቶ፣ የራሱን በር በራሱ ቁልፍ ዘግቶ መናገር የሚፈልግ ሰው ይናገር፣ እኔው ራሴ ሼር አደርግለታለሁ።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ታሪኩን እኛ እንጻፈው፣ ተዋናይ ይቀጠር፣ ናይሮቢ መቼም ተዋናይ አጥታ አታውቅም። ቤቱም ሌላ ቤት ይሁን። ለጻፈው ልጅ የኪስ ገንዘብ ሳይሆን የጸሐፊ ክፍያ ይከፈለው። ከላይ ስለ ቤቱ ስነግራችሁ እኔም እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀያይሬያለሁ። የጎደለባችሁ ነገር አለ?

ጥሪውን ያወጣችሁት ሰዎች ይሄን እንደምታነቡት አውቃለሁ። ኢንቦክሴ ክፍት ነው፣ ኑና እንነጋገር። ከመምጣታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አስቡልኝ። ካሜራችሁን ተሸክማችሁ በግቢው በር ስትገቡ ኬርቴከሩ «ምንድን ነው የምትቀርጹት?» ይላችኋል። ምን ልትሉት ነው? እናንተ ማታ ሆቴላችሁ ትገባላችሁ፣ እሱ በማግስቱ ጠዋት የሚያንኳኳው የእኛን በር ነው።