«ጥሬ» ስንል ለምን ሥጋ ብቻ?

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ክትፎ ቤት 11 ዓመት ሥጋ ከትፌያለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ጓዳ ሆኜ የምሰማው ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ጥሬ ይሁን፣ ለብለብ ወይስ የበሰለ?» ደንበኛው «ጥሬ» ካለ ነገሩ አለቀ። የምን ጥሬ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔም የጉራጌ፣ የእዣ ልጅ ነኝ፤ የተወለድኩት አገና ነው። ጅማቱ ተለቅሞ የወጣለት ቀይ ሥጋ፣ በጣባ የቀረበ ክትፎ፣ ከጎኑ ቆጮና አይብ፣ የቀንድ ማንኪያ፤ በመስቀል ቤተ ዘመድ የሚሰበሰበው በዚህ ዙሪያ ነው። ዛሬም መስቀል ሲደርስ ለወንድሞቼ የምከትፈው እኔ ነኝ።

ቃሉን ግን ሥጋ ብቻውን ወሰደው። አያቶቻችን «ጥሬ» ሲሉ የሚታያቸው እህል ነበር። መንገደኛ በስልቻው ጥሬ ይዞ ይወጣ ነበር፤ ባሕታዊውም ጥሬ ቆርጥሞ፣ ቅጠል በጥሶ ዋለ ሲባል ነው የሰማነው። አተሩን፣ ባቄላውን፣ ምስሩን፣ ሽምብራውን ዛሬም «ጥራጥሬ» እያልን ነው የምንጠራው። እኔ ወደዚህ የተመለስኩት ግን መጽሐፍ አንብቤ ወይም ሐኪም አዞኝ አይደለም። ዘይት አጥቼ ነው።

ጊዜው የ2014 ዓ.ም. ሁዳዴ ነበር። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ብቻዋን ስለቀረች ሥራዬን ትቼ አገና ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም። በዚያ ሰሞን ባለ 5 ሊትሩ የምግብ ዘይት ከ1,000 ብር በላይ ሲሸጥ፣ እሱም ተፈልጎ ሲታጣ የሚያስታውስ ሁሉ ያስታውሰዋል። የ55 ቀን ጾም ከፊታችን ተዘርግቷል፤ የጾም ወጥ ደግሞ ያለ ዘይት አይሆንም ብለን ያደግን ሰዎች ነን። የመጀመሪያውን ሳምንት በውሃ የተሠራ ሽሮና ቆጮ በዳጣ በላን። እናቴ አላማረረችም። ምጣዱ ሥር እየተንበረከከች እፍ ስትል፣ ጭሱ ዓይኗን ሲያስለቅሳት ግን አያለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ከቅዳሴ ተመልሼ ጓሮ ገባሁ። ከእንሰቱ ሥር የሐበሻ ጎመን አለን። ለጋ ለጋውን ቀጠፍኩና አጠብኩት። ወፍራሙን መሐለኛ ግንድ አወጣሁ፣ ቅጠሎቹን ደራርቤ ጥብቅ አድርጌ ጠቀለልኳቸው፣ ቢላዬንም ሳልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን እጄ ያውቀዋል። ለ11 ዓመት ሥጋ ላይ የተመላለሰ ቢላ ጎመን ላይ ሲያርፍ ድምፁ ሌላ ነው፤ ጭር ጭር ይላል፣ ሽታውም ዝናብ እንደመታው ሣር ነው። እንደ ክትፎ አደቀቅኩት። ጨው ነስንሼ በእጄ ጥቂት ሳሸው ኩርፊያውን ተወና ለሰለሰ፤ ቀለሙም ጠቆር ብሎ ወዛም ሆነ። ሎሚ ጨመቅሁበት። ቀይ ሽንኩርት፣ ከቆላ የመጣ አንድ የበሰለ አቮካዶ፣ በመጨረሻ ከእናቴ ዳጣ አንድ ማንኪያ። ዳጣው ራሱ እሳት ነክቶት አያውቅም፤ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላና ጤና አዳም አብረው የተወቀጡበት ነው። በጣባ አደረግሁት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች እናቴ።

«ጥሬ ክትፎ።»

«በጾም?» ብላ ደነገጠች። ቀርባ ስታይ ሳቀች። «ልጄ፣ ይሄማ የፍየል ድርሻ ነው!» በቆጮ ጠቅልዬ አጎረስኳት። አላመጠች፤ ዝም ብላ አላመጠች። ከዚያ አፏን ሳትጠርግ «እስቲ ድገመኝ» አለችኝ።

የጎመን ክትፎ ለእኛ ለጉራጌዎች አዲስ ነገር አይደለም። በመስቀል ሰሞን በቅቤና በሚጥሚጣ እየተሠራ ከሥጋው እኩል ክብር ያለው ምግብ ነው። አዲስ የሆነብኝ እሳቱን መተው ነው። ጎመን ስንቀቅል፣ ስንጨምቅ፣ በዘይት ስናቁላላ የኖርነው የጎመንን ጣዕም አውጥተን ለመድፋት ይመስል ነበር። ጥሬው መጀመሪያ መረር ይላል፣ ቀጥሎ ጉሮሮ ላይ ይጣፍጣል። ካሮትም እንደዚያ ሆነብኝ። ለጋ ካሮት ከመሬት በተነቀለ በሰዓቱ ሲበላ ሸንኮራ ነው ብል አላጋነንኩም። ለሦስት ሳምንት ያህል ቀን ቀን የበላሁት ይህንኑ ነው፤ ቆጮው ለማታ ብቻ ሆነ። ያን ጊዜ የተረዳሁት ምላሴ ስንት ዓመት በዘይት ተሸፍኖ እንደኖረ ነው።

የወደድኩት ሌላው ነገር በቆልት ነው። ድሮ እናቶቻችን ለጾም የሚያዘጋጁት፣ አሁን ግን ከተማው እየረሳው ያለ ምግብ። ምስር ወይም አተር ማታ ይዘፈዘፋል። ጠዋት ውሃው ይደፋና በሚገባ ይታጠባል። እኔ በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ ጥግ አስቀምጠዋለሁ፣ በየጠዋቱና በየማታው ፈትቼ አጥበዋለሁ። በሁለተኛው ቀን ነጭ ጭራ ያወጣል። በሦስተኛው ቀን ሲፈታ የኮባው ሽታ ገብቶበታል። አፍ ውስጥ ቀጭ ይላል፣ ውሃ አለው፣ ጥቂት ይጣፍጣል። ሕይወት ያለው ነገር እየበላሁ እንደሆነ የተሰማኝ ያን ጊዜ ነው፤ ብዘራው ይበቅል የነበረ አተር ነውና። በዚያ ዓመት ረመዳን ሁዳዴ መሐል ገብቶ ነበር። ጎረቤታችን ለማፍጠሪያ ከገዛችው ተምር ታካፍለን ነበር፣ እኛም በቆልት እንልክላት ነበር። ተምሩን ከትፌ በበቆልቱና በሎሚ ለወስኩት። እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ ለእንግዳ የማቀርበው ይህን ነው።

እንግዲህ ማለት የምፈልገው ይህን ነው። ጥሬ አትክልት በአገራችን የደሃ፣ የበሽተኛ ወይም የፈረንጅ ምግብ ተደርጎ መታየቱ ትልቅ ጥፋት ነው። «ጎመን በጤና» እንላለን፤ ግን ሥጋ ላጣ ሰው ማጽናኛ አድርገን ነው የምንለው። ጎመኑ ራሱ የሚያስደስት ነገር መሆኑን አናምንም። የጾም ሰሃን ስናዘጋጅ ሐሳባችን የተከለከልነውን ለማካካስ ነው፤ ስለዚህ ዘይቱን እናበዛለን፣ እናቁላላለን፣ እንጠብሳለን። ሰላጣ የሚባለው ከበያይነቱ ጥግ ሁለት ቁራጭ ቲማቲም ሆኖ ይቀርባል።

ይህን የምናደርገው ግን የቆየ ርስት ይዘን ነው። «ቪጋን» የሚለው ቃል የተፈጠረው በ1944 በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንግሊዝ አገር ነው። ዶናልድ ዋትሰንና ጥቂት ጓደኞቹ ከእንስሳት የሚገኝ ምንም አንበላም ብለው ማኅበር ሲያቋቁሙ ነው ስያሜው የወጣው። ከዚያ ቀደም ብሎ የዙሪኩ ሐኪም ቢርኸር-ቤነር ለሕሙማኑ ጥሬ ፖም ፈቅፍቆ ከአጃና ከለውዝ ጋር ያበላ ነበር፤ ዛሬ በየሆቴሉ ለቁርስ የሚቀርበው ሙዝሊ ከእሱ የመጣ ነው። የእኛ ምእመናን ግን ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴን፣ ፍልሰታን፣ ነቢያትን ቆጥረው በዓመት 180 ቀን ያህል ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ተለይተው መኖር ከጀመሩ ስንት መቶ ዓመት ሆኗቸዋል። በዋልድባ ገዳም ደግሞ እህል እንኳ አይበላም። በውጭ ያሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ዛሬ በበያይነቱ ስም የሚያተርፉት ከዚህ ርስት ነው። እንዲህ ያለ ርስት ያለው ሕዝብ ጥሬውን ወገን ረስቶ የበሰለውን ብቻ መያዙ ያሳዝነኛል።

የጥሬ ምግብ ወዳጆች ሁሉ የሚሉትን አልልም። ሁሉም ነገር ጥሬውን ይበላ የሚል ሰው እንሰት አያውቅም። እንሰት ዓመታት ቆይቶ ይደርሳል፣ ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ይብላላል፣ ከዚያም እሳት ይፈልጋል፤ እኛን ያኖረን ደግሞ እሱ ነው። ቦሎቄ ጥሬውን መርዝ አለው፣ በደንብ መቀቀል አለበት። ጓያማ አብዝቶ መብላት እግር እንደሚያሽመደምድ የጎንደርና የወሎ ገበሬ በመከራ አይቶታል። ባቄላ እሸት የማይስማማው፣ ደሙን የሚጎዳው ሰውም አለ። ቲማቲም ቢበስል የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ ሎሚውና ቃሪያው ደግሞ እሳት ሲነካቸው የቫይታሚን ሲ መጠናቸው ይቀንሳል። ቫይታሚን ቢ12 ግን ከአትክልት አይገኝም። ስለዚህ ጾሙ ሲፈታ ወተቱም እንቁላሉም ቦታ አላቸው። ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር በጥሬ ብቻ ኑሩ ብሎ የሚመክር ካለ አልስማማም።

ከሁሉ በላይ የንጽሕና ነገር አለ። አዲስ አበባ ሳለሁ አንድ ቦታ ሰላጣ በልቼ ታይፎይድ ይዞኝ ሁለት ሳምንት ተኝቻለሁ። ብዙ ሰው ጥሬ አትክልት የሚፈራው በዚህ ነው፤ ፍርሃቱም ተገቢ ነው። በአቃቂ ወንዝ የሚለማው አትክልት ከፋብሪካና ከከተማ ፍሳሽ የተነሳ የከባድ ብረቶች ብክለት እንደተገኘበት ተጠንቶ ተጽፏል፤ ይህን ደግሞ ማጠብ አያወጣውም። እኔ የማውቀውን ጓሮ ነው የምበላው። ቅጠሉን አንድ በአንድ በብዙ ውሃ አጥቤ በመጨረሻ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አለቀልቀዋለሁ፣ ካሮቱን እልጠዋለሁ። ሎሚ ጀርም ይገድላል ብሎ ማጠቡን የሚተው ሰው ራሱን ያታልላል። ሥጋውስ ቢሆን? ጥሬ ሥጋ ወደን ስንበላ ኮሶ እንደሚመጣ እያወቅን ነው፤ ለዚያም መድኃኒት አበጅተን ኖረናል። ለጎመን ግን የማጠቢያ ውሃ ማፍላት ይከብደናል።

የክትፎ ቤት ባለቤቶችን አንድ ነገር እለምናለሁ፤ በወልቂጤም፣ በቡታጅራም፣ በአዲስ አበባም ያላችሁትን። በሁዳዴ ግማሾቻችሁ ትዘጋላችሁ፣ ከታቾቹም ያለ ሥራ ይቀመጣሉ። እኔ ተቀምጬ አውቃለሁ፤ 55 ቀን ያለ ደመወዝ ረጅም ነው። ያ የቢላ ሙያ ከማንም እጅ የማይገኝ ነው። በዚያ እጅ የተከተፈ ለጋ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ በቆልት፣ አጠገቡ የማረቆ በርበሬ አዋዜና ዳጣ፣ በጣባ፣ በቀንድ ማንኪያ፣ በቆጮ ይቅረብ። ለብለብ የማይጠየቅበት ጥሬ። ክብሩን ሳትቀንሱ፣ ሥጋውን በምታቀርቡበት ሥርዓት አቅርቡት። ደንበኛው አንድ ጊዜ ከቀመሰው እንደ እናቴ ድገመኝ እንደሚል አልጠራጠርም።

በሽታ ፈወሰልኝ አልልም። ከምሳ በኋላ ይጫነኝ የነበረው እንቅልፍ ግን ቀርቶልኛል። ዋናው ነገር እሱ አይደለም፤ መብላት ያስደስተኛል። ወራቱን በምላሴ አውቃለሁ። አጥሩ ላይ እንጆሪ ሲጠቁር፣ ቀጋ ሲቀላ፣ ልጅ ሳለን ከብት እየጠበቅን የምንለቅመውን ሁሉ በ40 ዓመቴ እንደገና እየለቀምኩ ነው። የሰፈር ሕፃናት ኮሽም ይዘውልኝ ይመጣሉ። ይመርራቸዋል ብዬ ጎመኑን ከልክያቸው ነበር፤ እነሱ ግን ሳላያቸው ከጣባው እየጠቀሱ ይበላሉ።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ፣ አተሩና ባቄላው በደረሰበት ሰሞን፣ እናቴ በሰፈራችን ሰፊ መንገድ፣ በጀፎረው ዳር፣ ቁና ሙሉ የአተር እሸት ይዛ ተቀምጣ አገኘኋት። ልጣጩን በአውራ ጣቷ ትሰነጥቃለች፣ አምስት ስድስቱን ፍሬ ባንድ ጊዜ ወደ አፏ ትጥላለች። ዓይኗ ደርቆ፣ ጠርቶ ነበር። ከቀትር አልፏል፤ ከቤታችን ጣሪያ ግን ጭስ አይወጣም። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ሰዓት ጓዳ ነበረች።

«እማዬ፣ ምሳ አልሠራሽም?» አልኳት።

ልብሷን ሰብስባ አጠገቧ ሣሩ ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ። «እሳቱን ለማታ እናነደዋለን» አለች፣ እጄ ላይም አንድ ጭብጥ እሸት አፈሰሰችልኝ።