በረከቱ የሁላችን፣ ድካሙ የጥቂቶች

በከተማችን ምዕራብ ዳርቻ ያሉ ትንንሽ አጥቢያዎች የቆሙት በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት መዝሙር የሚያስጠናው ወጣት እሑድ ጠዋት ሕፃናቱን ያስተምራል፤ የድምፅ ማጉያውን ገመድ የሚዘረጋውም፣ ከቅዳሴ በኋላ ለሕንፃው ማሠሪያ ጥላ ይዞ የሚለምነውም እሱው ነው። የሰበካ ጉባኤው ሒሳብ ያዥ ቀኑን መሥሪያ ቤት ውላ፣ ማታ ልጆቿን አስተኝታ ደረሰኝ የምታመሳክር እናት ናት። ለንግሥ የመጣውን ሕዝብ ያበሉት እናቶች ሰው ወደየቤቱ ከሄደ በኋላ ብረት ድስት ሲያጥቡ ያመሻሉ። ለአንዳቸውም ደመወዝ የለም። እነዚህን ሰዎች እያደከምናቸው ነው። ሥራው መክበዱ እውነት ነው፤ ይበልጥ የሚያዝላቸው ግን የእኛ ዳር ቆሞ ማየት ነው።

ለክፍለ ከተማችን ለኮልፌ ቀራንዮ ስሙን ያዋሰው ቀራንዮ መድኃኔዓለም ከአዲስ አበባ መቆርቆር የሚቀድም ደብር ነው። እንዲህ ያለ ትልቅ ደብር ሊቃውንቱም፣ ሠራተኛውም፣ ወጣቱም አለው። ከአየር ጤና ወዲያ፣ በዓለም ባንክና በቤቴል አቅጣጫ ከተማው በሰፋ ቁጥር ግን ትንንሽ አጥቢያዎች አብረው በቀሉ፤ በቆርቆሮ ቤት የጀመሩ ብዙ ናቸው። ምእመኑ ገሚሱ ነባር ነዋሪ፣ ገሚሱ ከመሀል ከተማ ተነሥቶ ወይም ኮንዶሚኒየም ደርሶት የመጣ ነው። ካህናቱ ጥቂት፣ ገቢው ትንሽ፣ የጎደለው ብዙ ነው። የጎደለውን የሚሞላው ምእመኑ ነው። እኔ የማገለግልበት አጥቢያ ከእነዚህ አንዱ ነው።

እዚያ ያየሁትን ልናገር። ስብሰባው ለስምንት ሰዓት ይጠራል፤ ሰው ተሟልቶ የሚጀመረው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው፤ የሚበተነው የታክሲ ሰልፍ በረዘመበት ሰዓት ነው። ኃላፊነት ወስዶ የቀረውን ማንም አይጠይቀውም፤ የእሱ ሥራ በመጣው ሰው ላይ ይጨመራል። ወጣቱ ሐሳብ ሲያቀርብ «ገና ልጅ ነህ» ይባላል፤ አዛውንቱ ሲመክሩ «አባባ፣ ጊዜው ተቀይሯል» ይባላሉ። እናቶችን ስለ ምግቡ እንጂ ስለ በጀቱ የሚጠይቃቸው የለም።

ከሁሉ የሚከፋው ሐሜቱ ነው። በንግሥ ማግስት ሙዳየ ምጽዋቱ ሲከፈት የተጨማደደውን ብር እያቃኑ፣ ሳንቲሙን እየለዩ የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ። ወገባቸው እስኪቆረጥ ቆጥረው፣ በሞዴል 64 ደረሰኝ ገቢ አድርገው፣ ፈርመው ሲወጡ በር ላይ የሚጠብቃቸው «ለራሳቸው ሳያስቀሩ አይቀሩም» የሚል ወሬ ነው። አንዲት ጎበዝ ሒሳብ ያዥ በዚህ ንግግር ቆስላ ኃላፊነቷን ስታስረክብ አይቻለሁ። የጉልበት ድካም በአንድ ሌሊት እንቅልፍ ይወጣል። ስሙ የተነካ ሰው ግን እንቅልፍም አይወስደው።

ታዲያ በአገልግሎቱ የጸኑት ለምን ይጸናሉ? በትንሽ አጥቢያ ሰው በስሙ ይታወቃል። ከልደታ ተነሥታ ዓለም ባንክ አካባቢ ቤት የደረሳት ሴት፣ ጎረቤቶቿን ሳትለምድ በፊት በስሟ የሚጠራትን ሰው ያገኘችው ወጥ ቤት ውስጥ፣ ሽንኩርት እየላጠች ነው። ክፍል ውስጥ እጁን ማውጣት የሚያፍር ልጅ በሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ይዞ ጉባኤ ፊት ይቆማል። አገልጋይ ሐዘን ሲደርስበት መዘምራኑ ከሰፈሩ ሰው እኩል ደርሰው ድንኳን ይተክላሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ፣ ያድራሉ። ይህን ያየ ሰው ድካሙን ረስቶ ይመለሳል።

ጥምቀትንም አስቡት። ዩኔስኮ በዓሉን በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግበው ዓለም ያየው ታቦቱን፣ ጥላውን፣ የካህናቱን ዝማሬ ነው። ከታቦቱ ፊት ምንጣፉን እየዘረጉ፣ ከኋላ እየጠቀለሉ፣ እንደገና ወደፊት እየሮጡ የሚያነጥፉት ግን የየአጥቢያው ወጣቶች ናቸው። ገመድ ይዘው ሕዝቡን የሚያስተናግዱት፣ መንገዱን የሚጠርጉትም እነሱ ናቸው። ጥር 11 ቀን ሲመሽ እግራቸው አብጦ፣ ድምፃቸው ዘግቶ፣ ፊታቸው ግን ሲያበራ ያየ ሰው የበጎ ፈቃድ ዋጋው ምን እንደሆነ አይጠይቅም።

ይህ አገልግሎት ሕግም ታሪክም አለው። የቤተ ክርስቲያኒቱ መተዳደሪያ ደንብ ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም.፣ በፓትርያርኩ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ሲወጣ የአጥቢያውን አስተዳደር ለካህናት፣ ለምእመናንና ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በጋራ ሰጠ። ብዙም ሳይቆይ የ1967ቱ የመሬት አዋጅና የትርፍ ቤቶች አዋጅ መጡ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ርስቷንና የምታከራያቸውን ቤቶች አጣች። ከዚያ ወዲህ አጥቢያው የሚኖረው ምእመኑ በሚያዋጣው ገንዘብና ጉልበት ነው። ስለዚህ በነጻ የሚያገለግለው ሰው የቤቱ ባለቤት ነው። ባለቤት ደግሞ ይመከራል፣ ሒሳብ ይነገረዋል፣ ይከበራል።

አንድ የሚያሳዝነኝ ብክነት አለ። የሰንበት ትምህርት ቤት አባል የሚሆኑት ከ4 እስከ 30 ዓመት ያሉት ናቸው። አንድ ልጅ በሕፃንነቱ ገብቶ፣ መዝሙሩን፣ ትምህርቱን፣ የሰው አያያዙን ሁሉ ተምሮ፣ ሠላሳ ሲሞላው ይሸኛል። ወደ ሰበካ ጉባኤው የሚያሻግረው ድልድይ ግን ብዙ ጊዜ የለም። ያ ሰው አሁን መሐንዲስ፣ ነርስ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ወይም አካውንታንት ነው። ለአገልግሎት በበሰለበት ዕድሜው ቅጽሩ ውስጥ ቆሞ አስቀድሶ የሚሄድ እንግዳ ይሆናል። ውስጥ ደግሞ ጥቂቶቹ በሥራ ብዛት ይንገዳገዳሉ።

ችግሩ አዲስ አይደለም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደሚነግረን፣ ኢየሩሳሌም በነበረችው የመጀመሪያ ጉባኤ ማጉረምረም የተነሣው በየዕለቱ እርዳታ ላይ ነው፤ ከግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ ወገን የሆኑ መበለቶች ተዘነጉ። ሐዋርያት ያጉረመረሙትን «እምነት የጎደላችሁ» አላሉም። ሁሉን እኛው እንሥራ ብለውም አልጸኑም። ሕዝቡ ሰባት ሰዎችን እንዲመርጥ አድርገው ሥራውን ከፈሉ፤ ከሰባቱ አንዱ እስጢፋኖስ ነበር።

በእኛም ዘመን ከሌላ ቤተ እምነት ትምህርት እናገኛለን። ደርግ በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘግቶ መሪዎቿን ሲያስር፣ ሕንፃም ሆነ በይፋ የሚሰበሰቡበት ቦታ አልቀረም። አባላቱ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን ተከፋፈሉ፤ ደመወዝ የሌላቸው ተራ ምእመናን አስተማሩ፣ ጠየቁ፣ አጽናኑ። ስትዘጋ 5,000 ገደማ የነበሩት አባላት፣ ደርግ ሲወድቅ 34,000 ገደማ ሆነው ተገኙ። ሁሉም ሰው ሥራ የነበረው ጉባኤ በመከራ ውስጥ እንኳ አደገ።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። እያንዳንዱ አገልግሎት ስም፣ ሰዓትና ማብቂያ ቀን ይኑረው፤ «እስከ መቼ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይሁን። ገንዘብ ሲቆጠር ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች አብረው ይቁጠሩ፤ የወሩ ገቢና ወጪ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የተለጠፈ ሒሳብ ሐሜትን ከስብከት ይልቅ ዝም ያሰኛል። ሠላሳ ዓመት የሞላው ወጣት በሽኝቱ ዕለት የሚረከበው የሥራ ክፍል ይዘጋጅለት። በንግሥና በጥምቀት የደከሙ ሁሉ በቀጣዩ እሑድ ከሥራ ነጻ ይሁኑ። ሕዝብ ሲያስተናግዱ ቅዳሴውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይሰሙ ወራት የሚያልፋቸው አሉና፣ አንድ ቀን እንደ ሁላችን ቆመው ያስቀድሱ።

ለምእመኑ ደግሞ ይህን እላለሁ። የፊታችን እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ ወደ ሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ይግቡና ሙያዎን ያስመዝግቡ። ገመድ መጠገን፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ ሕፃን መያዝ፣ ሳንቲም መቁጠር የሚችል ሁሉ ይፈለጋል። በወር አንድ ከሰዓት ከሰጡ፣ ሁሉን ብቻዋን የያዘች አንዲት እናት ያን ዕለት ከልጆቿ ጋር ታመሻለች። እርስዎም ለረጅም ጊዜ ያስቀደሱበትን ቤት በዚያ ቀን ከውስጥ ያውቁታል።