ሐምሌ 26 ቢወለድ ኖሮ

የእህቴ ልጅ የተወለደው ሰኔ 30 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። በፈረንጁ ጁላይ 7፣ 2005። ቀኑን በቃሌ የያዝኩት ልደት አክባሪ ሆኜ አይደለም። ቤታችን ውስጥ አንድ ወር ሙሉ የተከራከርነው በዚህች ቀን ስለሆነ ነው።

እህቴ ልጆቿን ይዛ አሜሪካ የገባችው በ2022 ክረምት ነበር። ልጁ ያኔ 17 ሞልቶታል። አገር ቤት አሥረኛ ክፍልን ጨርሶ ቢመጣም፣ ትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛው እስኪጠነክር ብሎ እንደገና አሥረኛ አስገባው። ማንም አልተቃወመም። እናቱ እንዲያውም «አንድ ዓመት ምን አላት፣ ይረጋጋ» ብላ ፈረመች። ያቺ አንድ ዓመት ምን እንዳላት የገባን ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው።

ልጁ ኳስ ተጫዋች ነው። መጀመሪያ ግን ከየት እንደመጣ የሰማው የሩጫ አሰልጣኝ ነበር ቀድሞ የያዘው፤ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የሚመስለው ፈረንጅ ብዙ ነው። አንድ ሳምንት አሯሯጠው፣ ከኋላ ሲጎተት አየው፣ ሳይቀየም ለእግር ኳሱ አሰልጣኝ አስረከበው። እዚያ ቀናው። ሁለት ዓመት በግራ መስመር ተጫወተ። እንግሊዝኛውንም ከክፍል ይልቅ ያገኘው ከሜዳ ነው። የሜዳ እንግሊዝኛ ደግሞ ሁሉም እናት ፊት የሚነገር አይደለም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሊገባ ሲል፣ ልምምድ ሳይጀመር፣ የትምህርት ቤቱ የስፖርት ኃላፊ አስጠራን። አንድ ገጽ አሳየን። የክፍለ ግዛቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የአትሌቲክስ ማኅበር ደንብ ነው፤ ኦገስት 1 ወይም ከዚያ በፊት 19 ዓመት የሞላው ተማሪ በዚያ የትምህርት ዓመት አይወዳደርም ይላል። ኦገስት 1 በእኛ ሐምሌ 25 ነው። ሐምሌ 26 ቢወለድ ኖሮ ይጫወት ነበር። እናቱ ይህን ስትሰማ በጣቷ ቆጠረች። ሃያ ስድስት ቀን። «ምነው ትንሽ ባቆየሁት» አለች፤ እየሳቀች ነው ያለችው፣ ግን ዓይኗ አልሳቀም።

እኔ የጠየቅሁት ሌላ ነበር። ይህ ማኅበር የማን ነው? እንደ ብዙዎቻችን፣ የትምህርት ቤት ስፖርትን እንደ አገራችን ትምህርት ሚኒስቴር ያለ አካል ከላይ ሆኖ የሚያዘው ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ዋሽንግተን በዚህ ጉዳይ ቢሮ የላትም። እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱ ማኅበር አለው፣ አብዛኞቹም በወረቀት ላይ ለትርፍ ያልተቋቋሙ የግል ድርጅቶች ናቸው። አባሎቹ ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ናቸው። ደንቡን የሚያወጡት፣ የሚያሻሽሉትና ድምፅ የሚሰጡበት በአመዛኙ ርእሳነ መምህራንና የስፖርት ኃላፊዎች ናቸው። ቴክሳስ ትንሽ ለየት ትላለች፤ የእሷ ሊግ ከ1910 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲዋ አካል ነው። ከሁሉም በላይ ኢንዲያናፖሊስ የተቀመጠ ብሔራዊ ፌዴሬሽን አለ፣ 50ውን ክፍለ ግዛትና ዋሽንግተን ዲሲን ያቀፈ። የጨዋታ ሕግ ይጽፋል፣ ተሳታፊ ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነው፣ ሁለት ስፖርት የሚጫወት ልጅ ሁለቴ ተቆጥሮ። ነገር ግን የአንዱን ክፍለ ግዛት የዕድሜ ደንብ «ለውጥ» ብሎ ማዘዝ አይችልም።

እንግዲህ ልጃችንን ያስቀረው ሩቅ ያለ መንግሥት አልነበረም። ሃያ ደቂቃ ነድቼ በሩን ላንኳኳው የምችል ርእሰ መምህርና የእሱ ብጤዎች ናቸው።

ለምን ተቋቋሙ ብሎ መጠየቅም ደግ ነው፣ ምክንያቱም እኔን ያሳፈረኝ መልሱ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ስፖርት የሚመራው በተማሪዎቹ በራሳቸው ነበር። ቡድኑን ያቋቁማሉ፣ ግጥሚያ ይይዛሉ፣ ገንዘብ ይሰበስባሉ። ለማሸነፍ ሲሉም ክፍል ገብቶ የማያውቅ ጎልማሳ መለያ አልብሰው ያሰልፋሉ። ይህን የሚያነብ የእኔ ዘመን ሰው መሳቁ አይቀርም። እኛ ትምህርት ቤት የዘጠነኛ «ለ» በረኛ ጠዋት ጺሙን ተላጭቶ የሚመጣ የጋራዥ ሠራተኛ ነበር። ሁሉም ያውቃል፣ ዳኛውም ያውቃል። ጎል ሲገባበት ብቻ ነበር «ይህ ሰው ተማሪ ነው ወይ?» የሚባለው።

ዊስኮንሲን ውስጥ በ1890ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የርእሳነ መምህራን ማኅበር በዚህ ዓይነት ጣጣ የተወለደ ነው። በ1920 ደግሞ ከአምስት ክፍለ ግዛቶች የመጡ ሰዎች ቺካጎ ተሰብስበው በኋላ ብሔራዊ ፌዴሬሽን የሆነውን መሠረቱ። የዚያ ጊዜ ራስ ምታታቸው ኮሌጆች፣ ክለቦችና የውድድር ነጋዴዎች ነበሩ፤ ልጆቹን ከክፍል እየጠሩ አገር አቋርጠው የሚያጫውቱ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ትልቁ አገር አቀፍ የቅርጫት ኳስ ውድድር ሳይቀር በ1930 ያበቃው በእነሱ ግፊት ነው። ዛሬም ፌዴሬሽኑ የሚያዘጋጀው የአገር ሻምፒዮና የለም። ሻምፒዮንነት ክፍለ ግዛቱ ድንበር ላይ ያበቃል። እኔ ይህን እወድላቸዋለሁ። የ16 ዓመት ልጅ አውሮፕላን ለአውሮፕላን የሚዞርበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ኀፍረቱ። ወሬው በማኅበረሰባችን ተዛመተ፤ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ወዳጃችን ወደ ጎን ጠራኝ። «ምን ቸገራችሁ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የእኛና የእነሱ ዘመን አቆጣጠር ይለያያል። ሲመነዘር ተሳስቷል በሉ። የክርስትና ካርድ አገር ቤት ይወጣል።» የፓስፖርት ዕድሜ የሚባለውን ነገር የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። በስፖርት ዓለም የታወቀ ነው፤ ፊፋ ከ17 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የዓለም ዋንጫ ከ2009 ጀምሮ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ አጥንት በማሽን የሚያስመረምረው ያለ ነገር አይደለም። ወዳጃችን ደግሞ ክፉ ሰው አይደለም። ከስደተኛ ካምፕ መጥቶ ልደቱ ጃንዋሪ 1 የተባለ ስንቱን እናውቃለን፤ ቢሮክራሲው ራሱ ቀን ሲፈጥር አይተናል።

እውነቱን ልናገር፤ ያን ሌሊት ወረቀት ይዤ ቀን ስመነዝር አመሸሁ። ሰኔን ወደ ነሐሴ መግፋት ምን ያህል ቀላል ነው! በማግሥቱ ለልጁ ሳጫውተው ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ የቡድኑ ልጆች እኮ ሁለት ዓመት ልደቴን ጁላይ 7 ነው ያከበሩልኝ። ፎቶው ሁሉ ስልካቸው ላይ አለ።» እኔ እንግዲህ በዚህች ቅጽበት ነው የተረዳሁት። ያ ደንብ የተጻፈው ለጋራዥ ሠራተኛው በረኛና ለእኔ ነው። ልጁ በመሃል ገብቶ ነው የተመታው።

በዚያ ላይ ወሩን ብንገፋው እንኳ ሌላ በር ተዘግቶ ነበር። በብዙ ክፍለ ግዛቶች አንድ ተማሪ ዘጠነኛ ክፍል ከገባበት ቀን ጀምሮ ስምንት ተከታታይ ሴሚስተር ብቻ ነው መወዳደር የሚችለው። ዘጠነኛን የት እንደተማረ አይጠየቅም፤ አገር ቤት የተማረውም ይቆጠራል። አሥረኛን የደገመ ልጅ ሰዓቱ የሚያልቀው አሥራ አንደኛ ሲጨርስ ነው። «አንድ ዓመት ምን አላት» ተብሎ የተፈረመባት ዓመት ይህቺ ነች። ሲፈረም ጠረጴዛው ላይ የነበሩት አማካሪ አልነገሩንም። ለክፉ ብለው አይመስለኝም። እሳቸው የሚያስቡት ስለ እንግሊዝኛ ነው፤ የስፖርት ኃላፊው ደግሞ በሌላ ሕንፃ ነው ያለው።

ይግባኝ ጠየቅን። ማኅበሮቹ ለ«ልዩ ችግር» ፈቃድ የሚሰጡበት መንገድ አላቸውና ርእሰ መምህሩ ደብዳቤ ጻፉልን። መልሱ በሁለት አንቀጽ፣ በጨዋ ቋንቋ መጣ፤ አይሆንም። ልዩ ችግር ማለት ሆስፒታል መተኛት፣ ወላጅ መሞት፣ ቤት መቃጠል ነው። ስደት በደንቡ ቋንቋ ችግር አይደለም፣ የአድራሻ ለውጥ ነው።

የዕድሜው መስመር ይነሳ የምል እንዳይመስላችሁ። የ20 ዓመት ጎረምሳ ከ14 ዓመት ልጅ ጋር ሲጋጭ ማየት የሚፈልግ ወላጅ የለም፤ የኳሱ ቢቀር በአሜሪካ ፉትቦል አስቡት። የእኔ ጥያቄ በመስመሩ ላይ አንዲት ትንሽ በር ስለ መክፈት ነው። የሚከፍታትም ማን እንደሆነ የሚሺጋን ታሪክ ያሳያል።

ሚሺጋን ውስጥ በ1990ዎቹ፣ በመማር ችግር ምክንያት ወደ ኋላ የቀሩ ሁለት ሯጮች 19 ሞልቷችኋል ተብለው ታገዱ። ከሰሱ። በ1995 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለማኅበሩ ፈረደ። ምክንያቱ ልብ ይባል፤ የእያንዳንዱን ትልቅ ልጅ ጉልበትና ብልጫ እየመዘኑ ፈቃድ ስጡ ማለት በአሰልጣኞችና በሚቀጠሩ ሐኪሞች ላይ ከልክ ያለፈ ሸክም መጫን ነው ተባለ። በሕግ በኩል ጉዳዩ እንደዚያ ሆኖ ቆየ። ከዓመታት በኋላ በሰሜኑ በኢሽፔሚንግ ከተማ ዳውን ሲንድሮም ያለበት፣ በቅርጫት ኳስ ቡድኑ የተወደደ ልጅ በዚያው ደንብ ሊቀር ሆነ። ቤተሰቡ በሩን እየዞረ አንኳኳ፣ ትምህርት ቤቱ አብሮት ቆመ፣ ወሬው አገር አዳረሰ። በ2012 አባል ትምህርት ቤቶቹ በከፍተኛ ድምፅ ብልጫ ደንቡን አሻሽለው ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ልዩ ፈቃድ እንዲሰጥ አደረጉ። ዳኛ ከልክ ያለፈ ያለውን ሸክም ርእሳነ መምህራኑ በድምፅ ቻሉት።

እነዚህ ማኅበሮች «የግል ድርጅት ነን» ብለው እንዳሻቸው ይሆናሉ የሚል ካለ ደግሞ የቴነሲን ነገር ላውራ። በ1997 የአንድ የግል ትምህርት ቤት የፉትቦል አሰልጣኝ፣ ለመመዝገብ ለፈረሙ የስምንተኛ ክፍል ልጆች የጸደይ ልምምድ ላይ ኑ የሚል ደብዳቤ ጻፈ፤ ከግርጌው «አሰልጣኛችሁ» ብሎ ፈረመ። ማኅበሩ ተማሪ ማባበል ነው አለና ትምህርት ቤቱን 3,000 ዶላር ቀጣ፣ አራት ዓመት በጥብቅ ክትትል አዋለ፣ የፉትቦልና የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድኖቹንም ለሁለት ዓመት ከጥሎ ማለፍ አገደ። ለአንዲት ደብዳቤ! ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2001 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ ዳኛ ዴቪድ ሱተር በጻፉት ውሳኔ፣ ከአባሎቹ 84 በመቶው የመንግሥት ትምህርት ቤት የሆነ፣ በእነሱ ርእሳነ መምህራን የሚመራ ማኅበር ከመንግሥት ጋር የተጠላለፈ ነውና እንደ መንግሥት በሕገ መንግሥቱ ይጠየቃል ተባለ። በ2007 ጉዳዩ ሲመለስ ቅጣቱን ራሱን ግን ዳኞቹ በአንድ ድምፅ አጸኑት። ትምህርት ቤቱ ቢሸነፍም፣ የእኔና የእናንተ ልጅ ሲታገድ ማኅበሩ ምክንያቱን የመንገርና የማዳመጥ ግዴታ እንዳለበት ለመሞገት በር የከፈተው ያ የመጀመሪያው ውሳኔ ነው።

እኛስ? በየዓመቱ ጁላይ ላይ አሜሪካ ውስጥ ላለው የኢትዮጵያውያን እግር ኳስ ፌዴሬሽን በዓል ስንት ሺሕ ሰው ስታዲየም እንደሚሞላ እናውቃለን፤ ከ1984 ጀምሮ የቆየ ልማድ ነው። ያው ሕዝብ በልጁ ትምህርት ቤት የወቅቱ መክፈቻ የወላጆች ስብሰባ ላይ ሲፈለግ አይገኝም። እኔም አልተገኘሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ «ሥራ ነበረኝ» ስል፣ የዕድሜውና የሴሚስተሩ ደንብ የተነበበው እዚያ ስብሰባ ላይ ነበር። ወላጅ በሚፈርመው ቅጽ ላይም ታትሟል። ፈርመናል፤ አላነበብነውም።

አሁን የምጠይቀው ትንሽ ነው። አዲስ መጪ ልጅ ክፍል ሲመደብ፣ አማካሪውና የስፖርት ኃላፊው አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። «ይህን ክፍል ከደገመ በዚህ ዓመት መጫወት ያቆማል» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር፣ በአማርኛም በስፓኒሽም፣ ከፊርማው በላይ ትጻፍ። ቀጥሎ ደግሞ ርእሰ መምህራችን ድምፅ ሊሰጥ ሲሄድ፣ በስደት ምክንያት ክፍል ለደገመ ልጅ ቢያንስ የሴሚስተሩ ቆጠራ አንድ ዓመት እንዲታለፍ ሐሳብ ይያዝልን። ይህን በደብዳቤ ጽፌላቸዋለሁ። አጭር መልስ ደርሶኛል፤ «በሚቀጥለው ጊዜ በአካል ይምጡ» ይላል።

ልጁ የመጨረሻውን ዓመት ከቡድኑ ጋር እየተለማመደ፣ ውሃ እያቀበለ ጨረሰ። ተመራቂዎቹ በሚሸኙበት የመጨረሻ የሜዳ ጨዋታ ምሽት አሰልጣኙ ስሙን ከሌሎቹ ጋር ጠራው። እህቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የተሰጣትን አበባ ይዛ፣ ከልጇ ጋር እስከ መሃል ሜዳ ሄደች። ተጨበጨበላቸው። ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ጨዋታው ተጀመረ፣ ልጁ በቱታው ወደ ተቀያሪዎቹ ወንበር ሄደ። ትንሽ ቆይታ ወደ እኔ ዘንበል አለች።

«መቼ ነው የሚገባው?»

«አይገባም እኮ። ነግሬሽ አልነበር፣ ዕድሜው አልፏል።»

የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጇን አየችው። «የእሱ?» አለችኝ።