ቀይ ሥር ብይ!

ነፍሰ ጡር ሴት "ደም ማነስ አለብሽ" ተብላ ከጤና ጣቢያ ስትመለስ ቤት የሚጠብቃት መድኃኒት የታወቀ ነው፤ ምክር። ጎረቤት ቀይ ሥር ትላለች። አማት ጉበት ይሻላል ባይ ናቸው። የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ተልባና አብሽ ያዛል። ባል ደግሞ (እሱ መቼም አስተያየት የማይሰጥበት ነገር የለም) "አንቺ እኮ ራስሽን አትጠብቂም" ብሎ ጥፋቱን እሷው ላይ ይደፋዋል። የዛሬ ጠባችን ከዚህ ምክር ጋር ነው።

ቀይ ሥር ቀይ ስለሆነ ደም ይሆናል ማለት፣ ወተት ነጭ ስለሆነ ጥርስ ያነጣል እንደማለት ነው። በ100 ግራም ቀይ ሥር ውስጥ ያለው አይረን 1 ሚሊግራም እንኳን አይሞላም። ለአንድ እርግዝና ግን በድምሩ 1 ግራም ገደማ አይረን ያስፈልጋል፤ ለጽንሱ፣ ለእንግዴ ልጁ፣ ለሚጨምረው የራሷ ደም፣ በወሊድ ጊዜ ለሚፈሰውም። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። (ለነገሩ ደም ማነስና የግፊት መውረድም አንድ አይደሉም። ጨው ላሺ የምትሉ፣ እባካችሁ ተዉን።)

ሥጋና ጉበትስ? እውነት ነው፣ አይረን አላቸው። ግን ሥጋ ቤት በር ላይ ቆማችሁ ዋጋ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ጾሙን የሚከሱም አሉ፤ በፍስኩ ቀንም በአብዛኛው ቤት የሚቀርበው ያው ሽሮ መሆኑን የረሱ ይመስለናል። የእህልና የጥራጥሬ አይረን ደግሞ አንጀት በቀላሉ የሚመጠው አይደለም። በዚያ ላይ ምሳው ከመነሳቱ ጀበናው ይመጣል፤ ቡናና ሻይ ያችኑ ትንሿን አይረን ያስቀራሉ። ቡናውን አንድ ሁለት ሰዓት ማዘግየት ሳንቲም አያስወጣም። ከመካሪዎቹ መካከል ይህን የነገራት ግን አልሰማንም።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ዓመቶቹ በእኛው አቆጣጠር ናቸው። በ2003 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ነፍሰ ጡሮች 22ቱ ደም ማነስ ነበረባቸው። በ2008 ሲለካ 29 ሆኑ። ሕንፃው፣ መንገዱ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሲያድግ በከረመባቸው አምስት ዓመታት ማለት ነው! በዚያው የ2008 ጥናት፣ ነፍሰ ጡርም ትሁን አትሁን ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱት ሴቶች፣ በአዲስ አበባ ከ100 ወደ 16 ገደማ ሲሆኑ በሶማሌ ክልል 60 ገደማ ናቸው። ታዲያ የሶማሌ ክልሏ ሴት ቀይ ሥር ስለምትጠላ ነው? ድርቅ አለ፣ ወባ አለ፣ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም የሚመጥ ትል አለ፣ ሳያገግሙ ደግሞ መውለድ አለ፣ ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው። የትኛው ነው በምክር የሚድነው?

የሚያናድደን ግን መላው መኖሩ ነው። አይረንና ፎሊክ አሲድ የያዘች አንዲት ክኒን፣ በቀን አንድ። ርካሽ ናት፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያም በነፃ ትሰጣለች። በ2008 ጥናት ግን ክኒኗን በጭራሽ ካልጀመሩት በቀር የቀሩት ከ100 እናቶች 42 ነበሩ፤ ለ90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት 5 ብቻ። በ2011 ቁጥሩ 60 እና 11 ሆነ። መሻሻል ነው እንበል? 11!

ለምን ይቋረጣል ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ክኒኗ ሆድ ታደርቃለች፣ ታቅለሸልሻለች፣ ሰገራ ታጠቁራለች። ጉዳት እንዳልሆነ፣ ከምግብ ጋር ወይም ማታ ስትተኛ ብትወስደው ሊቀላት እንደሚችል አስቀድሞ የነገራት ከሌለ፣ ጥቁር ነገር ስታይ ደንግጣ ትጥለዋለች። "ልጁን ያገዝፍና ምጥ ያከብድብሻል" የሚል ወሬም ይጨመርበታል። ክትትሉም ዘግይቶ ይጀመራል፤ በ2008 ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት ከ100 ወደ 20 ብቻ ነበሩ። ደርሳ ስትሰለፍ ደግሞ ከመድኃኒት መስኮቱ ጀርባ "አልቋል፣ ከውጭ ግዢ" የምትባልበት ቀን አለ።

ይህ የድካምና የራስ ማዞር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአገራችን እናቶችን ከሚገድሉት ዋነኞቹ አንዱ በወሊድ ጊዜ የሚፈስ ደም ነው፤ ሌላዋ ሴት ተርፋ የምትነሳበት መፍሰስ ደም ያነሳትን ሊገድላት ይችላል።

ስለዚህ ጤና ጣቢያዎች ክኒኑን አይጨርሱ፤ ሲሰጡም አብረው ሁለት ደቂቃ ያውሩ። ወንዶች ሆይ፣ እናንተ ደግሞ "ራስሽን ጠብቂ" ከማለታችሁ በፊት ማስቀመጫው ውስጥ ስንት ፍሬ እንደቀረ ቁጠሩ። አምስት ከሆነ፣ ነገ ጠዋት አብራችኋት ሂዱና ተሰለፉ።