የነቀርሳን ተሐዋሲ ብረት ስለ መንሣት

ሮበርት ኮክ የተባለው የጀርመን ሐኪም፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1882 ዓ.ም. የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣውን ረቂቅ ተሐዋሲ ካገኘው ወዲህ፥ ሊቃውንት ሰውን ሳይጐዱ ተሐዋሲውን ብቻ የሚያጠፉበትን መንገድ ሲፈልጉ ኖረዋል። ከመንገዶቹም አንዱ ብረት መንሣት ነው።

ብረት ለሰው እንደሚያስፈልገው ሁሉ ለተሐዋሲውም ያስፈልገዋል። ነገር ግን ሰውነት ብረቱን በትኖ አይተወውም፤ ትራንስፈሪን ከሚባል ፕሮቲን ጋር አሥሮ ያኖረዋል። ተሐዋሲው ግን ማይኮባክቲን የሚባል ብረት ያዥ ነገር እየሠራ ከዚህ ግምጃ ቤት ይነጥቃል። ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው አንደኛው ኤንዛይም ኤምቢቲኤ ይባላል። እርሱም ሳሊሲሊክ አሲድን ኤቲፒ ከሚባለው የኃይል ምንጭ ጋር አጋጥሞ መካከለኛ ውሁድ ያበጅና፥ አሲዱን ለሚቀጥለው ፕሮቲን ያስረክባል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. በኒውዮርክ የሚሠሩ ተመራማሪዎች፥ ይህን መካከለኛ ውሁድ በመልክ የሚመስል፥ በጠባይ ግን የሚለይ ሳሊሲል ኤኤምኤስ የተባለ ነገር ያለውን ኃይል ገለጹ። ፎስፌት በነበረበት ስፍራ ሰልፋሜት ስለ ገባበት፥ ኤንዛይሙ የራሱ ውሁድ መስሎት አጥብቆ ይይዘዋል፤ ከያዘው በኋላ ግን ሊያስረክበው አይችልም። ወንበሩ በሐሰተኛው ስለ ተያዘ እውነተኛው መግቢያ ያጣል፤ ስለዚህ ገዳይ ከሚባል አታላይ ቢባል ይስማማዋል። ብረት ባነሰበት ምግብ ያለው ተሐዋሲ ዕድገቱ ተገታ፤ ብረት ሲበዛለት ግን የአታላዩ ኃይል ደከመ። ይህም ድሉ በእርግጥ ከብረት ማጣት የመጣ መሆኑን ያስረዳል።

ኤምቢቲኤ በሰው አካል ውስጥ ስለማይገኝ ተስፋው ታላቅ ነው። ሆኖም ነገሩ ገና መድኃኒት አልሆነም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም. በታተመው ጥናት በመርፌ የተሰጣቸው አይጦች ሳንባ ውስጥ የተሐዋሲው ዕድገት ቢቀንስም፥ በአፍ ሲሰጥ በሚገባ ወደ ደም አይደርስም፤ ከሰውነትም ቶሎ ይወጣል።

ኢትዮጵያ ነቀርሳ ከበዛባቸው አገሮች አንዷ ስለ ሆነች፥ ባለሥልጣኖች ይህን የኬሚያ ጥበብ የሚያጠኑ ወጣቶችንና እንደ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ያሉትን ቤተ ሙከራዎች በበጀት ሊረዱ ይገባል። ካህናትም ጠበል የሚጠመቀው ሕመምተኛ፥ አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር የሚወሰደውን መድኃኒት ሳያቋርጥ እንዲፈጽም አጥብቀው ቢመክሩት መልካም ነው፤ በመካከል የተቋረጠ መድኃኒት ተሐዋሲውን ያለማምደዋልና፥ የለመደውንም የሚያሸንፍ አዲስ መድኃኒት እስኪገኝ ድረስ ብዙ ዘመን ያልፋል።