መጀመሪያ በቁራጩ ላይ

ባለፈው ግንቦት አንድ ማክሰኞ ማታ፣ የልጄን የሦስት ሳምንት ልፋት በአንድ ደቂቃ አበላሸሁት። ዛሬ የማወጋችሁ ይህንኑ ነው። ወሬው ስለ ቀለምና ስለ ቫርኒሽ ቢመስልም፣ ከልጁ ወይም ከልጅ ልጁ ጋር ተቀምጦ ካርቶን ቆርጦ፣ ኮላ ቀብቶ የሚያውቅ ሁሉ የራሱን ነገር የሚያገኝበት ይመስለኛል።

ልጄ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ለትምህርት ቤታቸው የሳይንስ ኤግዚቢሽን የውሃ ሮኬት ሠራ። ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛው ያህል ውሃ ይሞላል፤ አፉ ይደፈንና በብስክሌት ጎማ መንፊያ አየር ይገባበታል። ጠርሙሱ ሲለቀቅ የታመቀው አየር ውሃውን ወደ ታች ይገፋል፤ ውሃው ወደ ታች ሲወረወር ጠርሙሱ ወደ ላይ ይፈናጠራል። እሳትም ባሩድም የለበትም። ጎኑ ላይ ክንፍ የሚሆኑ ካርቶኖች ተለጥፈውበት፣ በነጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ሲታይ ግን ቁርጥ ሮኬት ነው።

ስሙን «እንጦጦ 1» አለው። ከሸጎሌ ወደ ሰሜን ቀና ላለ ሰው ተራራው ከፊቱ ነው። እዚያ ተራራ ላይ ደግሞ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የሕዋ ምርምር ማዕከል አለ። የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና፣ ከታይዩዋን፣ በሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት ስትላክ፣ መረጃዋን የሚቀበለው ጣቢያ የተተከለው እዚሁ እንጦጦ ላይ ነበር። ልጄ ያን ጊዜ ሕፃን ነበር፤ ታሪኩን የሚያውቀው ከመምህሩ ነው። ያም ሆኖ ነጩን ወረቀት በማርከር ሦስት ማታ ሲጽፍበት ሰነበተ። ስሙን በትልልቅ ፊደል፣ ከሥሩ ባንዲራውን፣ ከባንዲራው አጠገብ ደግሞ የተራራውን ቅርጽ አደረገ። የ«ጦ» ፊደል እንዳልሆነለት ሲነግረኝ «ያምራል» ብዬ አለፍኩት።

አንድ ነገር ግን አሳሰበኝ። ሮኬቱ ሲነሳ ውሃ ይረጫል፤ ወረቀቱ ይበሰብሳል። ሠፈራችን ጋራዥ አያጣም፤ መኪና ቀቢዎች ክሊር የሚሉትን፣ ቀለም የሌለውን መከላከያ ቅብ አውቀዋለሁ። ከሥራ ስመለስ በቆርቆሮ የታሸገ የሚረጭ ክሊር ገዛሁ። ልጁ ተኝቷል። ጠዋት ሲነሳ ደስ ይበለው ብዬ ቆርቆሮውን በስንዝር ርቀት ይዤ፣ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ረጨሁበት።

ጠዋት ሳየው ፊደሎቹ እንደ ተኳለ ዓይን እንባ ወርደዋል። አረንጓዴው ቢጫው ውስጥ፣ ቢጫው ቀዩ ውስጥ ገብቷል። ልጄ ተመለከተውና «ምንም አይደለም ባባ» አለኝ። ቦርሳውን አንግቶ ወጣ። ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር።

አባቴ አብረውን ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን የፈጁት በእንጨት ሥራ ነው፤ ስንት ቁም ሣጥንና ስንት አልጋ ቫርኒሽ እንደቀቡ እሳቸውም አይቆጥሩትም። ወረቀቱን ወደ መስኮት አስጠግተው አዩትና «በምን ላይ ሞከርከው?» አሉኝ።

«በምን እሞክራለሁ አባዬ፣ እሱው ላይ ነዋ።»

«እንግዲያው ይሄ ሙከራው ነበር። አሁን ሥራውን ጀምሩ።»

ኤግዚቢሽኑ አሥር ቀን ቀርቶት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን ግቢ ውስጥ ተቀመጥን። አባቴ የጫማ ካርቶን አሥራ ስድስት ቦታ ቆረጡ፤ ሮኬቱ የተጠቀለለበትን ዓይነት ነጭ ወረቀትም ለጠፉባቸው። ልጁ አራቱ ላይ በማርከር ጻፈ። አራቱ ላይ በተለመደው የቤት ኢንክጄት ፕሪንተር የታተመ፣ አራቱ ላይ ኮምፒዩተር ቤት በሌዘር የታተመ፣ አራቱ ላይ ደግሞ ታክሲ ላይ የምናየውን ዓይነት ፕላስቲክ እስቲከር ለጠፍን። ከየዓይነቱ አንዱን ሳንቀባ ተውነው። የቀሩትን አንዱን በሚረጨው ክሊር፣ አንዱን በውሃ በሚቀጥነው የእንጨት ቫርኒሽ፣ አንዱን በአባቴ የድሮ ዘይት ቫርኒሽ ቀባን። ልጁ በየካርቶኑ ጀርባ ምን እንደተቀባና ስንት ሰዓት ላይ እንደተቀባ ጻፈ።

በማግሥቱ ያየነው ይህ ነው። የሚረጨው ክሊር ማርከሩን አፈሰሰው፤ በስሱ ሲረጭም ጠርዙ ደበዘዘ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የማርከሩ ቀለም የሚሟሟው ክሊሩ ውስጥ ባለው ዓይነት ፈሳሽ ነው። ኢንክጄቱን ግን በስሱ ስለረጨነው ምንም አላደረገውም። የውሃው ቫርኒሽ ተቃራኒውን ሠራ፤ ማርከሩን ደህና አድርጎ ሸፈነው፣ የኢንክጄቱን ቀለም ግን ውሃ ወዳድ ነውና ከብሩሹ ጋር ይዞት ሄደ። በሌዘር የታተመው፣ ቀለሙ በሙቀት ወረቀቱ ላይ የቀለጠ የፕላስቲክ ዱቄት ስለሆነ፣ ሁለቱንም ቻለ። እስቲከሩም ቻለ፤ ክሊሩ በወፍራሙ ባረፈበት ጥግ ብቻ ተሸበሸበ። የአባቴ ዘይት ቫርኒሽ ነጩን ወረቀት ቅቤ እንደነካው ወረቀት አሳላፊና ቢጫ አደረገው። «ለዋንዛ እንጂ ለወረቀት አልተፈጠረም» ብለው ራሳቸው አወጡት።

እኔ የገዛሁት ክሊር መጥፎ ዕቃ አልነበረም። ለዚያ ቀለም ግን የሚሆን አልነበረም። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ የጫማ ካርቶንና አንድ ቀን ብቻ ነበር።

ልጁ ሦስት ቀን ከጠበቀ በኋላ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ቧንቧ ሥር ያዛቸው። ያልተቀቡት ወረቀቶች ወዲያው ራሱ። ከተቀቡትም ፊታቸው ደህና ሆኖ ከዳር የተላጡ ነበሩ፤ ውሃው የገባው ባልቀባነው ጠርዝ በኩል ነው። ቅብ ከመሐል ይልቅ ዳሩ ላይ እንደሚፈተን ያን ቀን ተማርን።

የሮኬት ሞዴል መሥራት በሌላው ዓለም ብዙ አፍቃሪዎች ያሉት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ኦርቪል ካርላይል የተባለ፣ ጫማ ቤት የነበረውና ርችት የሚያውቅ ሰው ልጆች ራሳቸው በማይቀምሙት፣ ተዘጋጅቶ በታሸገ ትንሽ ሞተር የሚነሳ የወረቀት ሮኬት ሠራ። ሥራው ከእሱ ወደ ብዙዎች ተዛመተ። እነሱም በውሃ ነክረው የሚለጥፉት፣ ዲካል የሚባል ስስ ጽሑፍና ሥዕል አላቸው። ክሊሩን ደርበውበት የማታ ማታ ሲጨማደድባቸው ማዘናቸው ከእኛ አይለይም። ምክራቸውም ያው የአባቴ ነው፤ መጀመሪያ በቁራጭ ላይ።

ለምትሞክሩ ወላጆችና አያቶች የተማርነውን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ቅቡን በስሱ ደጋግሙት። የሚረጨውን ከአንድ ክንድ ያህል ርቀት፣ እጅን ሳያቆሙ እንደ ጤዛ ማሳረፍ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቆ መድገም፤ ወፈር ያለውን በማግሥቱ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህም ይሠራል። በብሩሽ ከሆነ ደግሞ አንድ ጊዜ ካሳለፉ በኋላ ወደ ኋላ አለመመለስ ነው።

ሁለተኛ፣ ሰማዩን እዩ። እኛ አንዱን ዝናብ ሲያስገመግም ረጭተን ነጭ ጉም የለበሰ መሰለ። ክሊሩ በፍጥነት ሲደርቅ ይቀዘቅዛል፤ የአየሩ እርጥበትም እላዩ ላይ ይቀመጣል። ክረምት ላይ ረፋድ ፀሐይ የወጣበትን ሰዓት ምረጡ።

ሦስተኛ፣ ጠርሙሱን ራሱን አትርጩት፣ በብርጭቆ ወረቀትም አትፈግፍጉት። ቲነርና አሴቶን ያለበት ነገር ፕላስቲኩን ሊያነጣና ሊያደክም ይችላል፤ ያ ጠርሙስ ደግሞ የታመቀ አየር የሚችል መሆን አለበት። ጌጡ በወረቀቱ ላይ ይሁን፤ ወረቀቱ ከደረቀ በኋላ ጠርሙሱ ይልበሰው። ፎም ያለበት ሥራ ከሆነ ደግሞ የሚረጭ ቀለም ሲነካው ይቀልጣልና ተጠንቀቁ።

አራተኛ፣ የሚረጨውን ትልቅ ሰው ይርጨው፤ ውጭ፣ ከከሰል ምድጃና ከሲጋራ ርቆ። ነፍሰ ጡርና አስም ያለበት ሰው አጠገብ አይሁን። ጋራዥ ውስጥ ከሃርድነር ጋር የሚቀላቀለው የመኪና ክሊር ግን ጨርሶ ቤት አይግባ፤ አይሶሳያኔት የሚባለው ንጥረ ነገሩ ሳንባን ክፉኛ ይጎዳል፣ ተራ ጭምብልም አያስቀረውም።

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ እኔ በሌዘር ይታተም አልኩ። ፊደሉ የተስተካከለ፣ ክሊሩም የሚያብረቀርቅ ይሆናል፤ ሁለቱንም ቅብ ስለሚችል ሥጋትም የለው። ልጄ ሁለቱን ካርቶን ጎን ለጎን ይዞ ቆየና «ይሄማ የኮምፒዩተር ቤቱ ነው ባባ» አለኝ። በማርከር እንደገና ጽፎ የማያብረቀርቀውን የውሃ ቫርኒሽ መረጠ። ልናገር ስል አባቴ አዩኝ፤ ዝም አልኩ። ሁለት ማታ ጻፈ፤ «ጦ» አሁንም ትንሽ ዘመም አለች። ቫርኒሹን ራሱ ቀባ፤ አያቱ ጠርዙን ብቻ አሳዩት።

ብዙዎቻችን ልጆቻችን የሠሩትን ጨርሰን ልናሳምርላቸው እንቸኩላለን። መከላከላችን ነው። ግን ሥራው በምን ቀለም እንደተጻፈ ሳንጠይቅ የደረብንበት መከላከያ ጽሑፉን ያፈሰዋል። ያን ማክሰኞ ማታ ልጁን ቀስቅሼ «ይህን ልቀባልህ ወይ?» ብለው፣ «ቆይ ባባ፣ ሌላ ወረቀት ላይ እንየው» ይለኝ ይሆናል። የጎደለው ክሊር ሳይሆን ያ ጥያቄ ነበር።

የኤግዚቢሽኑ ዕለት ሮኬቱ ተነሳ። ምን ያህል ከፍ እንዳለ አልለካንም። አጥር ላይ ወድቆ አንድ ክንፉ ታጠፈ፤ ወረቀቱ ውሃ በውሃ ሆኖ ሲመለስ ፊደሉ እንደነበረ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ግን ከሮኬቱ ይልቅ ሰው የቆመው አሥራ ስድስቱ ካርቶኖች ፊት ነበር። ልጁ በሰሌዳ ላይ ደርድሯቸዋል። ከሁሉም በላይ ያን የፈሰሰውን ወረቀት ለጥፎ፣ ከሥሩ እንዲህ ጽፎበታል፦ «ሙከራ ቁጥር 1፤ የሠራው፦ አባቴ።»